በልጃችሁ ሕመም ልጃችሁን አታስተርጉሙ

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። አንዲት የ86 ዓመት እናት ምን እንደበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ሌሊት ስንቴ እንደነቁ በየቀኑ ወረቀት ላይ እሞላለሁ። ያኔ የገዛ ልጄ፣ የ14 ዓመት ልጅ፣ እስኪነጋ ዓይኑን እንደማይከድን አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ልጄ አንብቦት «ይሁን» ካለኝ በኋላ ነው። እናንተም ስለ ልጃችሁ ሕመም ለማንም ከማውራታችሁ በፊት ጠይቁት። ለአክስቱም ቢሆን።

የኛ ቤት በሆድ ቁርጠት ጀመረ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን ይላል። ከዚያ ቁጣ መጣ። «ብላ» ስለው በሩን ወርውሮ ይዘጋል። ኳስ ተወ። እኔ «የጉርምስና አመል ነው» አልኩ፤ እህቴ ደግሞ «ስልኩን ቀሚው» አለችኝ። ለካ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ኖሯል። ድባቴ ማለት አንገት ደፍቶ ማልቀስ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ንጭንጭና ቁጣ ነው። ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠትም አንዱ መልኩ ነው። ስለዚህ አንዲት ቀን ስለተቆጣ አትደንግጡ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ያለው ነገር ከተለወጠ ግን አትጠብቁ።

ደብተር ያዙ። እኔ ለሥራ የምሞላውን ዓይነት ወረቀት ለልጄ ሠራሁ። መቼ ተኛ፣ ምን በላ፣ ትምህርት ቤት ሄደ ወይ፣ ምን አለ። የእሱን ቃል እንዳለ ጻፉት። «ሰነፈ» ብላችሁ አትጻፉ። «ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተነሳ፣ ቁርስ አልበላም፣ ደክሞኛል አለ» ብላችሁ ጻፉ። ሐኪም ዘንድ ይህ ወረቀት ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልድረስ።

የልጆች ሐኪሟ ጋ ስንሄድ እንደ ሁልጊዜው ልጄ መሃል ተቀመጠ። ሐኪሟ አንድ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀችኝ። ልጄ ወደኔ ዞሮ «እንቅልፉ እንዴት ነው ትልሻለች» አለኝ። «ደህና ይተኛል በላት» አልኩት። እሱም በእንግሊዝኛ መለሰላት። ሐኪሟ አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ተነስታ ወጣች። ስትመለስ በመንኮራኩር የቆመ ታብሌት እየገፋች ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት «ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ» አለችኝ። ያው ጥያቄ እንደገና ተጠየቀ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅዎ መኖር አልፈልግም ብሎዎት ያውቃል?»

ልጄ ጫማውን ያያል።

ከ8 ዓመቱ ጀምሮ የቤት ኪራይ ደብዳቤ፣ የመብራት ቢል፣ የትምህርት ቤት ወረቀት የሚያነብልኝ እሱ ነው። እናቱ እንዳትደነግጥ ክፉ ወሬ ማሳጠር ለምዷል። ያን ቀንም ያደረገው እሱን ነው። አልዋሸኝም፤ ጠበቀኝ እንጂ።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ከምንም በፊት «አማሪክ ኢንተርፕረተር» በሉ። ለዚህ ሌላ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ሜዲኬይድን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ) ጨምሮ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክና ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድለትም። «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ እሱ ይበቃል» ካሏችሁ እሺ አትበሉ። በአካል ሰው ከሌለ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገናኛል። ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠይቅ ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው አስቸገርኩ ብዬ። አላስቸገርኩም።

ሐኪሙ «ልጁን ብቻውን ላናግረው» ብሎ ቢያስወጣችሁ ቅር አይበላችሁ። ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች በየዓመቱ የድባቴ መጠይቅ መስጠት የተለመደ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። እናት አጠገቡ ቆማ ማንም ልጅ እውነቱን አይሞላም። ካልሰጡት ደግሞ እናንተ ጠይቁ። የኛ ልጅ ብቻ ነው ብላችሁም አትፈሩ። በኦክቶበር 2021 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከሌሎች ሁለት ተቋማት ጋር ሆኖ የልጆችን የአእምሮ ጤና ብሔራዊ አስቸኳይ ጉዳይ ነው ብሎ አውጇል። በዚህ አገር ይህ ያልነካው ሰፈር የለም።

ቤት ውስጥ እናንተው ጠይቁት። መኪና ውስጥ ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን ስለማትተያዩ አፉ ይፈታል። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። ቃሉን አትሸፍኑት። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አይከትም፤ ብዙ ጥናት ያረጋገጠው ነው። እኔ ሦስት ቀን በልቤ ስለማመድ ከርሜ ነው ያወጣሁት። «አንዳንዴ» አለኝ። መሪውን አጥብቄ ያዝኩና «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሱም በቅቶታል።

«ምን ጎደለህ?» አትበሉት። ይህን ጥያቄ ሁላችንም አፋችን ላይ አለን። እኔም ብዬዋለሁ። በሱዳን በረሃ አቋርጠን፣ ሁለት ሥራ ሠርተን ያሳደግነው ልጅ ከፋኝ ሲለን ውለታ የረሳ ይመስለናል። እሱ ግን የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ሕመሜ ለእናቴ ዕዳ ነው። አታስምሉት። «በእኔ ሞት» አትበሉት። ያለው ነገር ሁሉ ይገባችሁ ዘንድ «ከመቼ ጀምሮ? የሚብስብህ መቼ ነው?» ብቻ በሉ።

ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ስትጠይቁት መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አትተዉት። 988 ደውሉ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰውና ለቤተሰቡ የሚረዳ የስልክ መስመር ነው። በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፣ በነጻ ነው። ሲያነሱ «አማሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ልጁ መናገር ካልፈለገ በዚሁ ቁጥር በእንግሊዝኛ ቴክስት ማድረግ ይችላል። ራሱን ሊጎዳ ከተነሳ ወይም ከጎዳ ግን 911 ነው፣ ወይም በቀጥታ ኢመርጀንሲ። የዚያኑ ዕለት ማታ ደግሞ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ቆልፉ። ታይለኖሉንም፣ እናታችሁ ከአገር ቤት ይዘው የመጡትንም። እኔ ቁልፍ ያለው ሣጥን ገዝቼ ቁልፉን ከሥራ ባጄ ጋር አሰርኩት። ቤቱ የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ ይመለሳል። በዚያች ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር እንዳይኖር ነው።

ጸበል እንውሰደው ወይ የሚለውን በየቤቱ እሰማለሁ። ውሰዱት፤ እኔም ወስጃለሁ። ግን ቀጠሮውን አትሰርዙ፣ መድኃኒቱንም አታስቁሙ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ምእመናንን መክረዋል። የነፍስ አባቴም ያሉኝ ይህንኑ ነው። የማይሆነው ልጁን ሳይጠይቁ መውሰድ፣ ወይም በሰው ፊት «ይዞት ነው» ማለት ነው።

ቴራፒስት ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። የኢንሹራንስ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ስልክ ደውሉና አዲስ ሕመምተኛ የሚቀበል ዝርዝር ጠይቁ። ሦስት አራት ቦታ ወረፋ ያዙ፤ አንድ ቦታ አትጠብቁ። መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈልጋል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደብተሩን በደንብ ሙሉ፣ ባሕርዩ ድንገት ከተለወጠ ወዲያው ደውሉ። ደህና ሆነ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ለትምህርት ቤቱ «504 ፕላን እፈልጋለሁ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ። ትምህርት ቤቱ ሕመም ላለበት ተማሪ የሚያደርገውን ድጋፍ የሚወስን ዕቅድ ነው። በቃል ያሉት ይጠፋል። እኛ ያገኘነው ቀላል ነገር ነው፦ ሲጨንቀው አስተማሪ ሳያስፈቅድ ወደ ካውንስለሩ መሄድ፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሚመጣው የሆድ ቁርጠት መቅረት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ለውጥ የመጣው እኛው ቤት ነው። ለልጄ «ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ አታነብልኝም» አልኩት። አላመነኝም። አሁን የመብራት ቢል ሲመጣ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ እደውላለሁ፣ «አማሪክ» እላለሁ፣ እየጠበቅሁ ቡናዬን እቆላለሁ። አንዳንዴ 20 ደቂቃ ያስጠብቁኛል። እሱ ክፍሉ ተኝቷል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው።