አሮጌ መኪና አልነሳ ሲል እና ሚኒሞው አልረጋ ሲል፦ ብልሽቱን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ብዙ ዓመት ያገለገለና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ወይም ከተነሳ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አልረጋ ብሎ ሲንቀጠቀጥና ሲጠፋ፣ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ዕቃ መግዛት ነው። ባትሪ ይቀየራል፤ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ይቀየራል፤ ቆይቶ የነዳጅ ፓምፑም ተራው ይደርሰዋል። ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ የሚገኘው ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ የቆሸሸ የባትሪ ተርሚናል ወይም የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጥያቄውን መለየት ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ጨርሶ አይዞርም? ይዞራል ግን አይነሳም? ወይስ ይነሳና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ይጠፋል? ሦስቱም «መኪናዬ አስቸገረችኝ» በሚል አንድ አቤቱታ ቢጠቃለሉም ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ፣ የአንዱን መፍትሔ ለሌላው መሞከር ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

ያገለገለ መኪና ሌላም ጠባይ አለው። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ በራሱ ጊዜ ከሚበላሸው ይልቅ፣ ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ የማንቂያ ደወል ወይም ቴፕ ለማስገባት ብሎ ልጦ ያገናኘው ሽቦ ይበልጥ ያስቸግራል። ኮፈኑን እንደከፈቱ በቅድሚያ የሰው እጅ የገባበትን ቦታ ይፈልጉ፦ በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ፣ ከጓደኞቹ የተለየ ብሎን፣ ጫፉ ተቆርጦ እንደገና የታሰረ ቱቦ። ናስትሮውን ፈትተው ሲያዩት የመዳብ ክሮቹ አረንጓዴ ዱቄት ከለበሱና ሲነኩ የሚበጠሱ ከሆነ፣ ሌላ ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት ያንን መገጣጠሚያ በአግባቡ ያሠሩት።

ለደኅንነት ሲባል መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሹም ዜሮ ይሁን። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር አይነሳም፤ ባትሪና ነዳጅ በሚነካበት ቦታም ሲጋራ አይጨስም።

ሞተሩ ጨርሶ ሳይዞር ሲቀር

እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚጠቅመው ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ፈጣንና ተከታታይ የሆነ የመንኳኳት ድምፅ ከተሰማ፣ ኤሌክትሪኩ ቢደርስም ሞተሩን ለማዞር አቅም አንሶታል ማለት ስለሆነ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ግንኙነቱ ላልቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ ከተመታ በኋላ ዝም ካለ ጥርጣሬው ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው ወደ ሞተሪኖው ያዘነብላል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ስዊች) እና የቁልፍ ማብሪያውን ማየት ይገባል። በአውቶማቲክ መኪና ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አዛውሮ መሞከር ብቻውን መልሱን ሊሰጥ ይችላል፤ የማርሹን ቦታ የሚያሳውቀው ስዊች ሲያረጅ ሞተሪኖው ትእዛዝ አይደርሰውምና።

የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ይጠምዝዙ። መብራቱ ፈጽሞ ከደበዘዘ ችግሩ ከባትሪው ወይም ከተርሚናሎቹ ነው፤ ብርሃኑ ሳይቀንስ ሞተሩ ካልዞረ ግን ኃይሉ አለ፣ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለ ምርመራው የበለጠ ይጠራል። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ወደ 12.6 ቮልት ከተነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ቮልት ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ወደ 12 ቮልትና ከዚያ በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ይህ ንባብ ብቻውን ያታልላል፤ ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይበዛበት 12.6 እያሳየ ሞተሪኖው ሲጎትተው በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቁልፉን እየጠመዘዘ ይለኩት፤ ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ይፈተሽ። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ከ13.7 እስከ 14.7 ቮልት ካልተነበበ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው ወይም እሱን የሚያዞረው የቺንጊያው (የጎማ ቀበቶው) ሊሆን ይችላል። ዲናሞውን ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል የቆየ ልማድ ነው፤ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ማንም ቢመክርዎት አይቀበሉት።

ተርሚናል ከውጭ ንጹሕ መስሎ ከውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ፈትተው ሲያወጡት በባትሪው የእርሳስ ራስና በማሰሪያው መካከል ጠቆር ያለ ስስ ሽፋን ያገኛሉ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ይኸው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱም ገጽ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይፈግፍጉት፤ ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ካለበት በቅድሚያ ሞቅ ባለ ውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠብ። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ግን የመጨረሻው እሱ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አካል) የሚሄደው የግራውንድ ገመድም ይረሳል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በኔጌቲቩ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ይዘው ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.3 ቮልት በላይ ከተነበበ፣ ገመዱ ወይም የታሰረበት ቦታ መጽዳት አለበት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ጠምዝዞ ሲይዝ የሞተሪኖውን አካል በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ መምታት ይቻላል። ከተነሳ የውስጡ ካርቦኖች (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ብሩሾች) አልቀዋል ማለት ነው። ዘዴው ቤት ለመድረስ ያህል የሚያገለግል ስለሆነ ሞተሪኖው ሳይውል ሳያድር ይጠገን።

እየዞረ አልነሳ ሲል

ሞተሪኖው በጉልበት እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ነዳጅ፣ የእሳት ብልጭታ ወይም እምቅታ (የአየሩና የነዳጁ በሞተሩ ውስጥ መታመቅ) ጎድሏል። በአንድ ሙከራ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ በየመካከሉም ሞተሪኖው አንድ ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። የአዟዟሩ ድምፅ ከወትሮው የፈጠነና የቀለለ ከሆነ ግን ወዲያውኑ ያቁሙ፤ የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው) ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ማዞሩን መቀጠል ቫልቮቹን ከፒስተን ጋር ያጋጫል።

የነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ በሆነ መኪና ቁልፉን ሳያስነሱ እስከ ማብሪያው ብቻ ሲከፍቱ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከታንከሩ አካባቢ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ የሚያጉረመርም ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ፓምፑን ከመኮነን በፊት ፊውዙንና ሪሌውን ይዩ። ጠዋት ብቻ ረጅም ጊዜ ተዙሮ የሚነሳ መኪና ከሆነ ደግሞ ቁልፉን እስከ ማብሪያው ሦስት ጊዜ ከፍተውና ዘግተው ከዚያ ያስነሱት፤ በአንዴ ከተነሳ ሌሊቱን የነዳጁ ግፊት ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ወይም በኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ በሚረጨው ዕቃ) በኩል እየሾለከ ነው። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው፤ ብዙ መካኒክ ግን ሲጠቀምበት አይታይም። በካርቡሬተር (ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው የቆየ ዕቃ) በሚሠራ መኪና የአየር ማጣሪያውን አንስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ሲስቡ ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ወደ ውስጥ ሲረጭ መታየት አለበት።

የነዳጅ ሽታ አካባቢውን ከሞላው ሞተሩ በነዳጅ ታፍኗል። ኢንጀክሽን ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ሲያዞሩ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስለሚያቋርጥ ሲሊንደሮቹ (ነዳጁ የሚነድባቸው ክፍሎች) ይደርቃሉ። ካንዴላ ሲወጣ ረጥቦ ከተገኘ ነዳጁ እየደረሰ እሳቱ ጠፍቷል፤ ፈጽሞ ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም። ብልጭታው ራሱ ሰማያዊና ጠንካራ ድምፅ ያለው መሆን አለበት። የካንዴላ ኬብሎች ሲያረጁ እርጥበት ባለበት ጠዋት እሳቱ ወደ ሞተሩ አካል ይሾልካል፤ ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተው ሲመለከቱ በኬብሎቹ ላይ የሚዘሉ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታዎች ይታያሉ። የእሳቱ ኃይል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ በእጅ መንካት አይሞከርም።

ሲቀዘቅዝ በደንብ እየተነሳ፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ እስኪበርድ ድረስ አልነሳ የሚል መኪና ብዙ ጊዜ የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው) ሙቀት አልችል ብሎታል። ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋና የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ የሌባ መከላከያው ቁልፉን አላወቀውም፤ ሁለተኛው ቁልፍ ይሞከር። በናፍጣ ሞተር ጠዋት የሚታየው ችግር በአብዛኛው የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ወይም ወደ ነዳጅ መስመሩ የገባ አየር ነው።

ሚኒሞው አልረጋ ሲል

የሞቀ የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በአብዛኛው በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ይዞራል። ቀዝቃዛ ሲሆን ከ1000 እስከ 1500 ወጥቶ ቀስ በቀስ ይወርዳል። መኪናው ሲንቀጠቀጥ በቅድሚያ የዙር መቁጠሪያውን ቀስት ይመልከቱ። ቀስቱ ጸጥ ብሎ አካሉ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያረጀው የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ነው፤ በዚህ የተነሳ ያለ ጥፋቱ የተፈታ ካርቡሬተር ብዙ ነው። ቀስቱ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚተነፍስ ሰው የሚመላለስ ከሆነ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። በእኩል ምት እየቆረጠ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም።

ያልተለካ አየር የሚገባው በደረቁና በተሰነጠቁ የቫክዩም ቱቦዎች፣ በኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው አካል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም ወደ ፍሬን ማጠናከሪያው በሚሄደው ወፍራም ቱቦ በኩል ነው። ቱቦዎቹን በጣት አጠፍ እያደረጉ ይመልከቱ፤ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው ከማሰሪያው አጠገብ በታችኛው በኩል ሲሆን፣ ቱቦው ሳይታጠፍ አይታይም። ሞተሩ እየሠራ ፉጨት ወደሚሰማበት ቦታ የሳሙና ውኃ ጥቂት በጥቂት ይርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኝቷል። አንዳንዶች ለዚሁ ሥራ ተቀጣጣይ ማጽጃ ይረጫሉ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ ሊቀጣጠል ስለሚችል ሳሙናው ይሻላል። ይህ ሳይፈተሽ የሚኒሞ ብሎኑን ማዞር አይገባም። መኪና ሲሸጥ ብሎኑ ከፍ ተደርጎ ብልሽቱ መሸፈኑ የተለመደ ስለሆነ፣ ጭንቅላቱ የተላላጠ የሚኒሞ ብሎን ካዩ ከጀርባው ያልተፈታ ችግር አለ ብለው ይገምቱ።

ቀጥሎ የትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ነው። የአየር መዝጊያው ዳር ዙሪያውን ጥቁር ዝቃጭ ሲይዝ ለሚኒሞ የሚያስፈልገው ጥቂት አየር ማለፊያ ያጣል፤ ነዳጅ መስጫውን ለቀው ሲቆሙ ወይም ኤሲ ሲበራ መጥፋት የዚህ ምልክት ነው። በማጽጃ ፈሳሽና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል፤ የሚኒሞ አየር ቫልቩም አብሮ ይታይ። በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን መዝጊያ ግን በእጅ መግፋት ማርሾቹን ስለሚጎዳ አይደረግም። ከጽዳቱ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ከፍ ቢል ኮምፒውተሩ አዲሱን ልክ እስኪለምድ ነው። ካርቡሬተር ላይ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ብቻ የሚሠራ ሞተር የሚኒሞ ጂግለሩ (ነዳጅ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ተደፍኗል፤ ሲሞቅ ጥቁር ጭስ የሚያወጣና የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት አየር የሚቀንሰው ክዳን) ተዘግቶ ቀርቷል።

የማይሠራውን ሲሊንደር ለማግኘት ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ መንቀልና መመለስ ይበቃል፤ ሲነቀል ዙሩ ያልቀነሰበት ሲሊንደር ተፈላጊው ነው። ለየካንዴላው ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ዕቃ) ካለው ኮይሉን ከሌላ ሲሊንደር ጋር ያቀያይሩ፤ ብልሽቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ የሚገዛው ዕቃ ታውቋል። የካንዴላው ጫፍ ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ ዘይት ዘይት ማለቱ የሪንጎች (የፒስተን ቀለበቶች) ወይም የቫልቭ ጎሚኒዎች (ዘይት ማገጃ ጎማዎች) ማለቅን፣ መንጣቱ ነዳጅ ማነሱን ወይም ሙቀት መብዛቱን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ 2 (የመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚሰጥበት ሥርዓት) ስላለ ኮድ ማንበብ ይረዳል፦ ፒ 0300 እሳት መሳትን፣ ፒ 0171 አየር መብዛትን ይናገራል። ፒ 0171 ስለመጣ ብቻ ግን የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) አይገዛም፤ ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው፣ ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው።

እሳቱም ነዳጁም ተሟልቶ አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ እምቅታው ይለካ። ዝቅተኛው ንባብ ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ በዚያ ሲሊንደር ካንዴላ ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ ሪንጎቹ አልቀዋል፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን ሳይነድ አልቀረም። ሞተር ይውረድ የሚል ሐሳብ ከቀረበልዎት እነዚህን ንባቦች ለየሲሊንደሩ በጽሑፍ ይጠይቁ።