ስፌቱ በውጭ እንዳይታይ
የሱፍ ሱሪ ወይም ቀሚስ ስታሳጥሩ ክሩ በውጭ በኩል ተሰልፎ ከታየ ልብሱን ያረክሰዋል። ዚግዛግ (ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስፌት) የሚሰፉ ብዙ የቤት የስፌት መኪናዎች ለዚህ የሚሆን ስፌት አላቸው፦ ጥቂት አጫጭር ስፌት፣ ከዚያ አንድ ዝላይ ወደ ግራ።

ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፉና በካውያ ተኩሱት። ቀጥሎ እጥፋቱን ወደ ልብሱ ፊት መልሳችሁ እጠፉት፤ ጫፉ ብቻ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል። አጫጭሩ ስፌት በዚህች ጫፍ ላይ ይሂድ፤ የሚዘለው መርፌ የእጥፋቱን አንድ ሁለት ክር ብቻ ነክቶ ይመለስ። አብዝቶ ከያዘ በውጭ ነጠብጣብ ይወጣል፤ የዝላዩን ስፋት ቀንሱ። እባካችሁ አስቀድማችሁ በቁራጭ ላይ ሞክሩት!

ፒያሳም ሆነ መርካቶ ክር ስትገዙ ቁራጩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሱቁ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን አስተያዩት። ልክ የሚመሳሰል ከጠፋ ትንሽ ጠቆር ያለውን ውሰዱ።