የወጪ ደብተሩን ገልብጡት

ኑሮ ሲከብድ ወጪን መጻፍ ግድ ነው። ግን ደብተሩን በዘጋን ቁጥር ሆድ ባር ባር ይላል። መላ አለው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሂሳቡን እንደጨረሳችሁ ገጹን ገልብጡና በዚያ ሳምንት ያለ ገንዘብ የተሟላላችሁን ጻፉ። "ቤተሰቤ" ብሎ ማለፍ አይሠራም። "ማክሰኞ ሥራ ሲያመሸኝ ጎረቤቴ ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣችልኝ" በሉ። ማን፣ መቼ፣ ምን።

ለምን ይሠራል? አእምሯችን የጎደለውን ቶሎ ያያል፣ ያለውን ቶሎ ይለምዳል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክለ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በየሳምንቱ እስከ 5 የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ሰዎች፣ ያማረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ለመጪው ሳምንት የተሻለ ተስፋ ነበራቸው። በየቀኑ ግን አታድርጉት፤ የቤት ሥራ ይሆንና ይሰለቻል።

ደግሞ ዝርዝሩ ሲጠራቀም፣ ሲጨንቃችሁ የማንን በር ማንኳኳት እንደምትችሉ በስም ያሳያችኋል። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ እንዲያውም ይሄ ነው።

የዕዳ ቀን ከደረሰ ግን ደብተሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ አበዳሪውን አነጋግሩ። ለተቸገረ ሰው ደግሞ "ያለህን አመስግን" ብላችሁ ይህን እንዳትመክሩ። ያናድዳል።