ሪሲቨርና ኮምፒውተር ስታገናኙ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

ውጭ አገር ኬብል ቦክስ የሚሠራውን ሥራ እኛ ድሬ ላይ የሚሠራልን የዲሽ ሪሲቨር ነው። ለፊልምና ለኳስ ብሎ አሮጌ ዴስክቶፕ ሳሎን ያስቀመጠ ሰው፣ ትንሽ ቆይቶ ሪሲቨሩንም በካፕቸር ካርድ (የሪሲቨሩን ምስል ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ በሚያቀብለው ዕቃ) ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ያምረዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው። ገመዱ ገብቷል ወይ፣ ቲቪው ትክክለኛው ኢንፑት ላይ ነው ወይ የሚለውን አልጽፍም፤ እሱን አይታችኋል።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ "ኖ ሲግናል"

ሪሲቨሩ ይበራል፣ ቻናልም ይቀይራል። በቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ቲቪ ላይ ስትሰኩት ምስል አለ። በኤችዲኤምአይ ግን ምንም። ወይም ኮምፒውተሩ ካፕቸር ካርዱን ያውቀዋል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። በብዛት የሚገጥመኝ ይሄ ነው።

ኤችዲኤምአይ ገመድ እየቀያየራችሁ ብር አትጨርሱ። ጥፋቱ ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ግራውንድ (ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የለም። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ከፌዝም ከኒውትራልም (ከሁለቱ የመብራት ሽቦዎች) ወደ ኬሱ ቆርቆሮ የሚሄዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው የኤሌክትሪክ ረብሻን ወደ ግራውንድ ማውረድ ነው። ግራውንድ ከሌለ ማውረጃ ያጣሉ፣ ከ220ው ግማሽ ያህሉ፣ ወደ 110 ቮልት፣ ኬሱ ላይ ቁጭ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ከሆነ ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውን ይነዝራል እንጂ አይጎዳም። ቺፕ ግን ይገድላል። ሪሲቨሩ ደግሞ በዲሹ ገመድ በኩል መሬት ውስጥ ከተተከለው ብረት ጋር ተያይዟል። እንግዲህ ሁለቱም በርተው እያለ ኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ያ ሁሉ ልዩነት የሚያልፈው ጥፍር በምታህል መሰኪያ ውስጥ ነው።

ሳቢያን አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተጠራሁ። በሁለት ወር ሦስት ካፕቸር ካርድ። ልጁ "ዕቃው ፌክ ነው" ይላል፣ እኔም አምኜው ነበር። በሦስተኛው ቀን እናቱ ቡና እያፈሉ "እኔማ ያንን ሣጥን ያለ ነጠላ ጫማ አልወለውለውም፣ ይነዝረኛል" አሉ። ለካ መልሱ እሳቸው ጋ ነበር! መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ብሎን ላይ፣ ሌላውን ሪሲቨሩ ላይ የዲሹ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ሳስነካው 97 ቮልት አነበበ። ኮምፒውተሩ አገልግሎ ከውጭ የገባ ነው፤ ስፒናው ወፍራም ባለ ሦስት እግር፣ የግድግዳው ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት ቀዳዳ። መሀላቸው ርካሽ አዳፕተር ገብቷል። ሦስተኛው እግር አየር ላይ ቀርቷል።

ከዚራ ያለው ቡና ቤት ደግሞ ይባስ። ጨዋታ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ባለቤቱ "ቆይ ነቅዬ ልሰካው" ብሎ ሁሉም በርቶ እያለ ሰካው። ጠቅ የምትል ድምፅ ሰማሁ። ሪሲቨሩ፣ ካርዱና የማዘርቦርዱ ዩኤስቢ አንድ ላይ ሄዱ። "አቦ ምን አደረግኩት?" ይለኛል። ኧረ ምን ያላደረግከው አለ!

ትክክለኛው መፍትሄ ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ግራውንድ ማስቀበር ነው። የኛ መሬት ደረቅና አሸዋማ ስለሆነ ዘንጉ እርጥበት እስኪያገኝ ጠልቆ ይግባ። ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ብረት ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፤ ብዙ ቤት ሶኬቱን ስፈታው ከብረቱ ጀርባ ምንም ሽቦ የለም። አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ስሙኝ፦ ግራውንድ መቅበር ሰልችቶት ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ እግር ጋር የሚያገናኝ "ባለሙያ" አለ። አባርሩት። ኒውትራሉ የተቆረጠ ቀን ኬሱ ሙሉ 220 ይሆናል። ያኔ መንዘር ብቻ አይደለም፣ ይገድላል።

ግራውንዱ እስኪገባ ኮምፒውተሩን፣ ሪሲቨሩን፣ ቲቪውንና ስፒከሩን በአንድ ዲቫይደር ሰኩ። የዲቫይደሩም ገመድ ባለ ሦስት ሽቦ ይሁን። ማንኛውንም ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም፣ ሪሲቨሩ ተኝቶ እንጂ መብራት ውስጡ አለ። የዲሹንም ገመድ ፍቱ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ኤችዲኤምአዩን ሰኩ፣ ከዚያ የዲሹን ገመድ እሰሩ። መብራት መጨረሻ ላይ። ጣሪያ ላይ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ካለም ታች ያለውን ሁሉ ንቀሉለት፤ መንዘሩ ባይጎዳው መውደቁ ይጎዳዋል።

የተቃጠለውስ? የሪሲቨር ኤችዲኤምአይ ቺፕ አንዳንዴ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከአዲሱ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። የዩኤስቢ ካፕቸር ካርድ ጣሉት።

ምልክት፦ ምንም አልተቃጠለም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጥቁር ነው

የነፃው ሪሲቨር ይሠራል፣ የክፍያው ዲኮደር ግን ጥቁር ካሳየ ምስሉ እንዳይቀዳ የሚከለክለው ኤችዲሲፒ የሚባለው መቆለፊያ ነው። ካርዱን አትሳደቡ። ዲኮደሩን ቀጥታ ቲቪው ሁለተኛ ኤችዲኤምአይ ላይ ሰክታችሁ በሪሞት መቀያየር ነው። ለነፃዎቹ ቻናሎች ግን የኔ ምክር ሪሲቨሩን ጭራሽ መተው ነው፤ ዲቪቢ ኤስ ቱ ካርድ (የሳተላይት መቀበያ ካርድ) ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቡና የዲሹን ገመድ ቀጥታ እሱ ላይ እሰሩ። ካፕቸርም የለ፣ ኤችዲኤምአይም የለ። ግማሹ ቻናል ብቻ ከመጣ ካርዱ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላለው መቀበያ) 18 ቮልት እየላከ አይደለም፤ ተጨማሪ የፓወር መሰኪያ ካለው ሰኩለት።

ምልክት፦ ምስሉ ይንገጫገጫል

ርካሾቹ ካርዶች ካርቶናቸው ላይ 4ኬ ይጽፋሉ። 4ኬ የሚቀበሉት በመግቢያው ነው፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልኩት ሌላ ነው። ዩኤስቢ 2 ናቸው። ኦቢኤስ (ከካርዱ የሚመጣውን ምስል የምታዩበት ፕሮግራም) ውስጥ የቪዲዮ ፎርማቱ ዋይዩዋይ2 ላይ ከሆነ በ1080 በሰከንድ 5 ምስል ገደማ ብቻ ነው የምታገኙት፣ ኳሷ እየዘለለች ትሄዳለች። ኤምጄፔግ አድርጉት። ሪሲቨሩንም 720ፒ ላይ አውርዱት፣ ለዚህ ካርድ ይበቃዋል።

ድምፁ ግርርር ካለ ያው የግራውንዱ ጉዳይ ነው፣ ወደ ላይ ተመለሱ። በኤችዲኤምአይ የሚመጣው ድምፅ ከተበላሸ በቀይና ነጩ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን (የድምፅ መግቢያ) አስገቡት።

ማታ ማታ ብቻ የሚቆም ከሆነ ሙቀት ነው። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ሪሲቨርን የጋለ ኮምፒውተር ላይ ደርቦ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው? ለየብቻ አድርጓቸው፣ አቧራውንም አራግፉ። ባለፈው አንዱ ቤት ሪሲቨሩ "በየሰዓቱ ይጠፋል" ተብዬ ሄጄ፣ እጥፍ ተደርጎ የለበሰውን ዳንቴል ገልጬ ሶፋው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ገንዘብ አልተቀበልኩም።