ሲንክ ሲከፈት ሻወሩ የሚጠፋው ለምንድን ነው? የቲ እና የሪዱሰር ችግርና መፍትሄ

ሻወር ገብታችሁ ሳሙና ተቀብታችኋል። ወጥ ቤት ያለ ሰው ሲንኩን ከፈተ። የሻወሩ ውሃ ክር አከለ። ይሄኔ ብዙ ሰው «ሮቶውን ከፍ እናድርገው» ይላል። ሮቶን 1 ሜትር ከፍ ማድረግ ግን የሚጨምረው ግፊት 0.1 ባር ገደማ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ቲውን፣ ማለትም መስመሩ የሚከፈልበትን ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው። ከሮቶ የወረደው 25 ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ገና የመጀመሪያው ቲ ላይ በሪዱሰር (ወፍራሙን ከቀጭኑ ቧንቧ በሚያገናኘው) ወደ 20 ወርዷል። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ በ20 ይጠጣል። «5 ሚሊ ምን ያመጣል?» እንዳትሉ። ቁጥሩ የውጭ ዲያሜትር ነው። ቧንቧው ፒኤን 20 (ይህ የግፊት ደረጃ ነው) ከሆነ የ25ቱ ውስጥ 16.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ20ው ደግሞ 13.2። የቀዳዳው ስፋት (ኤሪያ) ሲሰላ 25ቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይበልጣል።

መፍትሄው ዋናውን መስመር እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ድረስ በ25 መውሰድ ነው። መጥበብ ያለበት ቅርንጫፉ ብቻ ነው። ሱቅ ስትሄዱ «25 በ20 በ25 ቲ» በሉ፤ መሃሉ ብቻ 20 የሆነ ማለት ነው። ከጠፋ ሙሉ 25 ቲ ግዙና መሃሉ ላይ ሪዱሰር አስገቡ።

የድሮ የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ የምትቀይሩም ተጠንቀቁ። «20 ማለት ግማሽ ኢንች ነው» ይባላል። የመጠምዘዣ ጥርሱ እውነትም ይገጥማል። የብረቱ ውስጥ ግን 16 ሚሊ ገደማ ስለሆነ፣ በ20 ከቀየራችሁት አጠበባችሁት። በ25 ቀይሩት።

የደከመው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ብየዳውን ጠርጥሩ። አንዱን ሪዱሰር ቆርጬ ሳየው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገልብጦ እንደ ከንፈር አብጧል። እርሳስ እንኳ ያለፈው በግድ ነው። ይህ የሚሆነው ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሞቅና ጠልቆ ሲገባ ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይሁን፤ 20ውን 5 ሰከንድ፣ 25ቱን 7 ሰከንድ አሙቁ። ለ20ው ከቧንቧው ጫፍ 14 ሚሊ ያህል ለክታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ አይለፍ። ስታስገቡም አታጣምሙት። ውሃ የሚንጠባጠብበት ቧንቧ ደግሞ አይበየድም፣ መጀመሪያ አድርቁት። የተበላሸውን ቆርጦ ከመጣል በቀር መላ የለውም።

ቲው ጥርሱ ጋ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቴፍሎን ጨምሮ ደግሞ ማጥበቅ ይቅር። ብዙ ቴፍሎንና ብዙ ጉልበት ሴቴውን (ጥርሱ በውስጥ ያለውን) ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቅ ካያችሁ ቀይሩት። ቴፍሎኑን ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልሉ።

ፍሳሽ ላይ ሕጉ ይለያል። ቧንቧው ወደሚፈስበት አቅጣጫ በፍጹም አይጥበብ። የሲንኩ 50 ወደ ተኛው 110 ሲገባም ቀጥ ባለ ቲ ሳይሆን በ45 ዲግሪ ዋይ (የY ቅርጽ ባለው መገጣጠሚያ) ይግባ።