ያገረሸ የደም ካንሰር ላለበት ሰው «የአንቲቦዲ ሙከራ ግቡ» ሲሏችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ አሜሪካ ያለች አክስቴን ሳስታምም የተማርኩትን ነው የምጽፈው፣ እሷ የገባችበት ሙከራ ላይ የነበረው መድኃኒት ብሊናቱሞማብ ነው።

መጀመሪያ የበሽታውን ስም በሙሉ ጠይቁ። «ሉኪሚያ ነው» ብቻ አይበቃም፣ ኤኤልኤል ነው ኤኤምኤል (ሁለቱም በፍጥነት የሚያድጉ የሉኪሚያ ዓይነቶች ናቸው፣ የሚነሱበት ሴል ግን ይለያያል)? ሴሉ ላይ ያለው ምልክትስ ሲዲ19 ነው፣ ሲዲ22 ነው ወይስ ሲዲ33? አንቲቦዲ ምልክቱን ፈልጎ የሚለጠፍ ነገር ስለሆነ ምልክቱ ከሌለ የሚይዘው የለውም። በሽታው ሲያገረሽ ምልክቱ ሊቀየር ስለሚችል ደግሞ በድሮ ውጤት አትሂዱ፣ መቅኒው እንደገና ተመርምሯል ወይ በሉ።

ብሊናቱሞማብ በአንድ በኩል ሲዲ19ን በሌላው የራሳችንን ቲ ሴል (በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ይዞ ያገናኛቸዋል፣ እንደ ሽማግሌ በሉት፣ ብቻ የሚያገናኛቸው ለማስታረቅ ሳይሆን ለማጋደል ነው። የሚያስፈራው ትኩሳቱና ጭንቅላት ላይ የሚያመጣው ነገር ነው። ሌላው የአንቲቦዲ መድኃኒት ኢኖቱዙማብ ግን ሲዲ22 ላይ ተለጥፎ የያዘውን መርዝ ሴሉ ውስጥ ይዞ ይገባል፣ እሱ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል በኋላ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ከታሰበ ቀድማችሁ አንሱት።

ቤተሰብ ውስጥ «እንደ አይጥ ሊሞክሩባት ነው» የሚል አይጠፋም፣ እኛም ቤት ነበር። ታወር የሚባለው የብሊናቱሞማብ ጥናት ላይ 405 አዋቂ የኤኤልኤል ታማሚዎች ነበሩ፣ በዕጣ ከሦስቱ ሁለቱ ብሊናቱሞማብ አንዱ የተለመደውን ኬሞ እንዲያገኙ ተመደቡ፣ ማንም ባዶ ውሃ አልተሰጠውም። ብሊናቱሞማብ ካገኙት ግማሾቹ ቢያንስ 7.7 ወር በሕይወት ቆዩ፣ ኬሞ ካገኙት ግማሾቹ ደግሞ ቢያንስ 4 ወር። ትንሽ ይመስላል አይደል፣ ግን ለንቅለ ተከላ የሚያደርስ ጊዜ ነው። ዛሬ ብሊናቱሞማብ ከ2014፣ ኢኖቱዙማብ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ስለተፈቀዱ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ይሄን መድኃኒት ሙከራው ውስጥ ሳልገባ ማግኘት እችላለሁ? ሙከራው ምን ይጨምርልኛል? ዕጣው የማልፈልገው ላይ ቢወድቅስ? ፎርሙን ልጃችሁ አይተርጉም፣ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ያምጣ፣ ከፈረማችሁም በኋላ በፈለጋችሁ ጊዜ መውጣት እንደምትችሉ እወቁ።

አሁን ማንም ያልነገረን ነገር። ነርሶቹ በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጽፋሉ፣ መድኃኒቱ ጭንቅላት መንካት ሲጀምር የእጅ ጽሑፍ ሊበላሽ ስለሚችል። አክስቴ በእንግሊዘኛ ስትጽፍ ድሮም እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ነርሷ ደንግጣ ዶክተር ጠራች። በአማርኛ ትጻፍ አልን፣ «ዛሬ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች በየቀኑ ያንኑ ትጽፋለች፣ ነርሷ ባታነበውም የትናንቱን ከዛሬው ጎን አድርጋ ታያለች። በአምስተኛው ቀን «ነኝ» ቅርጿን ስታ ከመስመር ወረደች፣ ያኔ መድኃኒቱን አቁመው ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ ሰጧት፣ ሲሻላት ቀጠሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በለመደችው ፊደል ትጻፍ።

የብሊናቱሞማብ አንዱ ዙር 4 ሳምንት ሌት ተቀን በፓምፕ የሚገባ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆስፒታል ከዛ ቤት በትከሻ ቦርሳ። ፓምፑን እራሳችሁ አትነካኩ፣ ሲጮህ ደውሉ፣ 4 ሰዓትና ከዛ በላይ ከቆመ በባለሙያ ክትትል ነው እንደገና የሚጀመረው። መኪና መንዳት የለም። ትኩሳት 38 ከገባ እስኪነጋ አትጠብቁ። አብሽም ይሁን ጥቁር አዝሙድ ለዶክተሩ ሳትናገሩ አትስጧት።

ጠበሉ ነበር ያጨቃጨቀን፣ የፓምፑ ቱቦ የገባበት ቦታ መርጠብ የለበትም። አባን አስረድተናቸው ዙሩ እስኪያልቅ በመስቀል ብቻ እየዳበሱ ጸለዩላት።