ያገለገለ የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲያድሱና ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ከተደረደሩት ያገለገሉ ቸርኬዎች መካከል ገዢን ቀድሞ የሚስበው ፊቱ የሚያብረቀርቀው ነው። ይሁን እንጂ ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው አካል) ጋር የሚገናኘውም ሆነ ጉድጓድ ሲመታ ቀድሞ የሚጎዳው የቸርኬው ጀርባ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ጀርባውን ከመርሳት ነው። አንዱን ስህተት እኔው ራሴ ፈጽሜዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ቸርኬውን ሳይገለብጡ መግዛት ነው። ጭቃውንና የፍሬን ጥቁረቱን በውኃ ካጠቡ በኋላ የውስጠኛውን ከንፈር፣ ማለትም ጠርዙን፣ በጣት ዙሪያውን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ከፀጉር የማይወፍር መስመር ነው። አባጨጓሬ የተኛበት የመሰለ እብጠት ካጋጠመዎት ቸርኬው ቀደም ሲል ተበይዷል ማለት ነው። አብዛኛው የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ ውስጥ ወደ 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ቆይቶ ነው፤ በመበየጃ እሳት የነደደው ቦታ ይህን ጥንካሬ ያጣል። ስለዚህ ክንዱ የተበየደ ቸርኬ በምንም ዋጋ ቢቀርብ ለመኪና አይገዛም። የተጣመመ ከንፈርን በእሳት አግሎ በመዶሻ ማቃናትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

«ባለ አራት ቀዳዳ ነው፤ ይገባል» የሚለው ቃል ደግሞ እኔን ያሳሳተኝ ነው። የቶዮታ ቪትዝ ብሎኖች 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ ሲሆን፣ በርካታ የፊያት ሞዴሎችና የድሮው የላዳ ታክሲ የሚጠቀሙት 98 ሚሊ ሜትር ነው። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። ሻጩ እንዳለውም ቸርኬው በግድ ገባልኝ፤ ነገር ግን በአዳማው ፈጣን መንገድ ፍጥነቱ 80 ሲደርስ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎሚስታው ሁለት ጊዜ ባላንስ ሠራው፤ ለውጥ አልነበረም። በመጨረሻ ሲፈታ ዳዶዎቹ (በብሎኖቹ ላይ ገብተው ቸርኬውን የሚያስሩት) እያንዳንዱን ቀዳዳ በአንድ ጎን ብቻ ልጠው፣ በሌላው ጎን ቀለሙን ሳይነኩት ተገኙ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከትክክለኛ ቦታው አንድ ሚሊ ሜትር የራቀ በመሆኑ ዳዶው ብሎኑን እያጣመመ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ከሆነ መለኪያው ቀላል ነው፦ ፊት ለፊት የሚተያዩትን የሁለት ቀዳዳዎች መሐል ለመሐል መለካት ይበቃል።

የመሐለኛው ቀዳዳም ሊለካ ይገባዋል። የቪትዝ ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ቸርኬዎች ብዙ ጊዜ 73.1 ሆነው ይመጣሉ፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጠው ዳዶው ብቻ ይሆናል። ቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢቲ» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ከነባሩ ካነሰ ጎማው በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሪ ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን መንካቱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

እድሳቱ ላይ ሰዎች የሚቸኩሉት ቀለሙን ለማየት ነው። በብረት ሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ጥቃቅን የብረት ብናኝ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ስለሚተው ከወራት በኋላ ቀለሙ ከሥር ተነሥቶ ይፈነዳል፤ ብርጭቆ ወረቀት ይሻላል። አሲድ ማፍሰስ ብረቱንም እጅንም ይበላል። አሉሚኒየም ከተፋቀ በኋላ ወዲያው በኦክሳይድ ስለሚሸፈን፣ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር በዚያው ቀን መቀባት አለበት፤ ለቆርቆሮ የሚሆነው ተራ ፕራይመር አይይዝም። ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት መሰል ዝገት በስቱኮ መሸፈንም ከንቱ ድካም ነው፤ አየር በዚያው መውጣቱን ይቀጥላል፣ ባለቤቱም በየሳምንቱ ጎማ ይነፋል።

ከሁሉም የምፈራው ግን በልግስና የተቀባውን ቀለም ነው። ከሞዞው ጋር የሚሳሳመው ገጽና የዳዶዎቹ መቀመጫ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍነው ቀለም ሳይነካቸው መቅረት ይኖርባቸዋል፤ እዚያ ላይ የተደራረበ ቀለም መኪናው ሲሄድና ፍሬን ሲሞቅ እየተጨፈለቀ ስለሚሳሳ፣ ጠብቆ የነበረው ዳዶ ማንም ሳይነካው ይላላል። ቀለም ቀቢው ሲያስረክብ እነዚህን ቦታዎች መጀመሪያ ይዩ።

የዳዶን ነገር አሳጥሬ ላንሣው። የዳዶ ጫፍ ሾጣጣ፣ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ ሆንዳ ክብ ይጠቀማል፣ የብዙ ቶዮታዎች ከፋብሪካ የመጣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። ሾጣጣውን በክቡ መቀመጫ ላይ ያስገደደ ሰው የያዘው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ዳዶው በእጅ ሲዞር ሰባት ዙር ያህል ሳይገባ ከቆመ ብሎኑ ለቸርኬው ውፍረት አጥሯል።

ባላንስ ሲሠራ ከውስጥ የሚለጠፈው የማመዛዘኛ እርሳስ (ትንሽ የብረት ክብደት) ከፍሬን ካሊፐሩ ጋር አለመነካካቱን ጎማውን በእጅ አዙሮ ማረጋገጥ ይበቃል።

በመጨረሻው ማጥበቂያ ላይ በአየር የሚሠራውን መፍቻ አምኖ መሄድ አይገባም። ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ መኪናው ከክሪክ ሳይወርድ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም መሬት ላይ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ ይጠብቃሉ፤ ለቪትዝ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ። የነባሩ ብረት ቸርኬ ዳዶዎችም አይጣሉ፤ ስኮርታው ብረት እስከሆነ ድረስ አንድ ከረጢት ውስጥ ገብተው ከክሪኩ አጠገብ ይቀመጡ፤ አለዚያ ጎማ ሲፈነዳ ስኮርታው እያለ የሚያስር ዳዶ ይጠፋል።